ሦስት የቀርከሃ እግሮች

ደምበጫ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለደብተራ ተስፋው፤ ቡሬ።

እንዴት ከረምህ? እኔ ከአንዱ እግሬ በቀር ሁለመናዬ ደኅና ነው። እሱም ማይጨው ስለቀረ ጤንነቱን የምጠይቅበት መንገድ የለኝም። ደብዳቤህን ጨው ነጋዴው ባዬ ከበቅሎው ኮርቻ ውስጥ ሰፍቶ አምጥቶልኛል። ወጀት ኬላ ላይ ፈትሸውት ነበር፤ የፈተሹት ግን ጨዉን ነው። እንግዲህ የልብህን ጻፍ፤ አርበኞቹ ያሉበትን ጫካ ስም ብቻ አትጥራ።

ፎቶግራፍ ማንሻው ሣጥን በደኅና መግባቱን ሰምቼ ደስ አለኝ። ከሦስቱ መስታወቶች አንዱ ተሰብሮ መድረሱን ሳነብ ግን እህል አልወርድ ብሎኝ ዋልሁ። ሥዕሉ የሚቀረጸው በእነዚያ መስታወቶች ላይ ነው፤ ሌላ ከየትም አይመጣም። ጌታዬ አርመኑ አዲስ አበባ ያለውን ፎቶግራፍ ቤቱን ዘግቶ ከአገር ሲወጣ የተወልኝ ያን ሣጥንና እነዚያን ሦስቱን ብቻ ነው። አሁን ሁለት ቀሩህ፤ እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቃቸው።

የሣጥኑ እግር የት ሄደ ብለሃል። እኔ ዘመቻ ሳለሁ ቤቴን የምትጠብቀው ሴት ፈልጣ ሽሮ ሠርታበታለች። አሮጌ እንጨት መስሎኝ አለች። ምን እላታለሁ?

ሦስት መቋሚያ ራስ ለራስ ባስርስ ያልኸውን አንብቤ ብቻዬን ሳቅሁ። ልጄ፣ መቋሚያ የተሠራው ደብተራ ሌሊቱን ተደግፎት እንዲቆም፣ አንዳንዱም ተደግፎት እንዲያንቀላፋ ነው። ጫፉ ድንጋይ ላይ ይንሸራተታል፤ ሣጥኑ ደግሞ የጠቦት ያህል ይከብዳል። የጫካ ሰዎች ከጣልያን የማረኩትን የመትረየስ እግር ልለምን ወይ ላልኸው ደግሞ መልሴ አጭር ነው። ከዚያ የሚጸና እግር የለም፤ ቤትህ ከተገኘ ግን የምትሰቀለው አንተ ነህ። ተወው።

ለጀማሪ የሚበቃውን ልንገርህ። የሣጥኑ ዓይን ብርሃን የሚጠጣው ቀስ ብሎ ነው። ጥላ ውስጥ ከሆነ ክዳኑ ተነሥቶ ሰው አንድ ዋንጫ ጠላ ጠጥቶ እስኪጨርስ ድረስ ይቆያል። በዚያ መካከል እግሩ የፀጉር ያህል ቢነቃነቅ የተቀመጠው ሰው ሁለት ፊት ይዞ ይወጣል። ለዚህ ነው ጀማሪ ስለ ሣጥኑ ሲጠይቅ ዐዋቂ ስለ እግሩ የሚጠይቀው። ከባድ እግር ይጸናል፤ ግን ከቤት አይወጣም። ቀላል እግር አብሮህ ይሄዳል፤ ግን ነፋስ ያጫውተዋል። የምትሄድበትን መንገድ የምታውቀው አንተ ነህና መርጠህ ጻፍልኝ።

ይህን ሁሉ የምዘበዝብህ ለምን እንደሆነ አትርሳ። የእህቴ የአልጣሽ ቀኝ ዓይን ከጠፋ ዓመት ሆነው። ግራውንም ሞራ እየለበሰው ነው፤ ከመጪው ክረምት አያልፍም ብለዋታል። ልጇ ክንዱ ጫካ ከገባ ሁለት ዓመት አለፈ። እሱ ማንኩሳ እንዳይመጣ ባንዳ ደጇን ይጠብቃል፤ እሷ እንዳትሄድ ዳገቱ አይታያትም። ባለፈው ሰው ልካ «ፊቱን አንድ ጊዜ ልየውና ከዚያ ይጨልም» አለችኝ። ሌላ የምትለምነው ነገር የላትም። ክንዱ የተማሪ ቤት ጓደኛህ ነው፤ ስለዚህ አልለምንህም፣ አዝሃለሁ።

ሃይለ ሚካኤል


ቡሬ፣ ኅዳር 4 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለአያ ሃይለ ሚካኤል፤ ደምበጫ።

ጤናዎ እንዴት ነው? ብርዱስ ቁስልዎን አልቀሰቀሰብዎም? እኔም ባለቤቴም እንደ ጊዜው አለን። መልስ ያዘገየሁት ከስንፍና አይደለም፤ የማሳይዎ ነገር ሳይኖረኝ መጻፍ ስላፈርሁ ነው።

የመቋሚያውን ነገር ደብዳቤዎ ከመድረሱ በፊት ሞክሬው ነበር። ሣጥኑን በጉልበቴ ተቀብዬ አተረፍሁት፤ ጉልበቴ ግን እስካሁን እንዳበጠ ነው። ይቅር ይበሉኝ።

ከዚያ አናጢው አድማሴ ዘንድ ሄድሁ። አድማሴ የወይራ ግንድ አውጥቶ አሳየኝና ይህ አንዴ ከተተከለ እንኳን ነፋስ ጎርፍ አያነቃንቀውም አለኝ። እውነቱን ነው፤ ለሁለት ስናነሣው ወገቤ ተንቋቋ። የምሄድበት አገር ደግሞ የሦስት ቀን መንገድ ነው፤ ሁለት ወንዝና አንድ ኬላ አለበት። በዚያ ላይ እየታጠፈ የሚከፈት ባለ ሦስት እግር ነገር የተሸከመ ሰው ሲያዩ ባንዳዎቹ የሚያስቡት ስለ ሥዕል አይደለም።

ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ከባንጃ ደጋ ቀርከሃ ያወረዱ ሰዎች ዘንድ ቆሜ አየሁ። ኬላውን ስንት ጊዜ እንደሚያልፉ፣ ማን እንደሚያስቆማቸው ጠየቅኋቸው። ሳቁብኝ። ቀርከሃ የተሸከመን ሰው ማን ያየዋል? አጥር ነው፣ ጎተራ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል? ስለዚህ ሦስት ወፋፍራሞች መረጥሁ። አድማሴ ሣጥኑ የሚያርፍበትን ራስ ከዋንዛ ጠርቦልኝ ከእግሮቹ ጋር በጠፍር አሠርነው። ጠፍሩ ሲፈታ ሦስት ተራ ዘንግ ነው፤ ዋንዛውን ከመጻሕፍቴ ጋር በማኅደር እይዘዋለሁ። ክብደቱ ለትከሻዬ አልተሰማውም። በጣቴ መታ ሳደርገው ግን ይርገበገባል፤ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ጥያቄዎቼን በሌላ ወረቀት ጽፌ አያይዣለሁ፤ ብዙ ናቸው፣ አይቆጡኝ።

በማንኩሳ ሳልፍ እሜቴ አልጣሽን ጠየቅኋቸው። ድምፄን ለይተው በስሜ ጠሩኝ። የሚያስጨንቃቸው ዓይናቸው አይደለም። ክንዱ ጢም ማብቀል አለማብቀሉ ነው። «እኔ የማውቀው ጢም የሌለውን ነው፤ ካበቀለ በሕልሜ የማየው ሌላ ሰው ነው ማለት ነዋ» አሉኝ። ሥዕሉ ያሳይ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አዎን፣ ጢሙን አንድ በአንድ ያሳያል አልኋቸው። በዚያ ቀን ከዚህ ሌላ ስለ ምንም አላወራንም።

ታዛዥዎ ተስፋው


ደምበጫ፣ ኅዳር 21 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለተስፋው።

ቀርከሃው ጥሩ ምርጫ ነው። አላመሰግንህም፤ ሥዕሉ ሲወጣ አመሰግንሃለሁ። አሁን በተራ ልመልስልህ።

መርገብገቡን ለማስቀረት ከሦስቱ እግሮች መካከል፣ ከዋንዛው ሥር፣ ስልቻ አንጠልጥል። ስልቻውን እዚያው በምታገኘው ድንጋይ ሙላው፤ ከዚህ ድንጋይ ተሸክመህ እንዳትሄድ፣ አውቅሃለሁ። እግሮቹን ሰፋ አድርገህ አንዱን ወደ ክንዱ አቅጣጫ አዙረው፤ ጫፋቸውን መሬት ውስጥ ስደደው። ከዚያ በዋንዛው ላይ ውሃ የሞላ ዋንጫ አስቀምጥና እግሩን መታ አድርግ። ውሃው ወዲያው ከረጋ እግርህ እግር ነው። ካልረጋ ድንጋይ ጨምር።

ክንዱን መሬት ላይ አስቀምጠህ ጀርባውን ከአለት አስደግፈው፤ ነፍጡን በጉልበቶቹ መካከል ይያዝ። የቆመ ሰው እንደ ሰካራም ይወዛወዛል፤ ራሱ ብቻ አያውቀውም።

ሰዓት ስለሌለህ በምን እንደምትቈጥር ጠይቀሃል። ደብተራ ሰዓት ምን ያደርግለታል? ጥላ ቦታ ከሆነ ክዳኑን አውልቅ፣ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ከነእመቤታችን ሰላምታ ድገም፣ ስትጨርስ ክደን። አርመኑ ቤት አሥራ አንድ ዓመት የቈጠርሁት እንዲሁ ነው። እሱ የኪስ ሰዓቱን አፍጦ ያያል፤ ሁለታችን እኩል ነው የምንጨርሰው። ይገርመው ነበር።

መስታወቱን እንዴት እንደምታጥብ በፊት የጻፍሁልህን ደግመህ አንብበው። ጨለማ ቦታ ካገኘህ እዚያው እጠበው፤ ሳታየው አትመለስ።

አልጣሽ ትናንት ሰው ልካ ነበር። ጉልበት ላይ የተቀመጠ ሰሐን አልታይ ብሏታል። ፍጠን።

ሃይለ ሚካኤል


ቡሬ፣ ጥር 14 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለአያ ሃይለ ሚካኤል።

ሰላምታዬን ከማስረዘም በፊት ይቅርታዎን እለምናለሁ። ሄጄ ተመልሻለሁ። ያመጣሁት ግን የላኩኝን አይደለም።

መንገዱ ቀና ነበር። ኬላው ላይ አንድ ወታደር ቀርከሃዬን በጫማው ገፋ አድርጎ አለፈ። በሦስተኛው ቀን ደረስሁ። ክንዱ ከስቷል፤ ጢሙን አብቅሏል። ገና ሳንሳሳም ስለ እናቱ ጠየቀኝ፤ ያየሁትን ሁሉ ነገርሁት። ዓይናቸው እስኪደክም እየጠበቁት መሆኑን ሲሰማ ፊቱን አዞረ።

አንድ ትልቅ ዋሻ አፍ ላይ እንዳሉኝ አስቀመጥሁት። ጀርባው አለት ነው፤ ነፍጡ በጉልበቶቹ መካከል ነው። ስልቻውን በድንጋይ ሞላሁ፤ የዋንጫው ውሃ እንደ መስታወት ረጋ። ጓደኞቹ ዙሪያውን ቆመው ያያሉ። ክዳኑን አንሥቼ ጸሎቱን ጀመርሁ። እንዳልቸኩል ብዬ እንደ ቤተ መቅደስ ድምፄን አሰምቼ፣ ረጋ አድርጌ ነው የደገምሁት። ሰዎቹም ባርኔጣቸውን አወለቁ። ስጨርስ ከደንሁት። በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዋሻው ውስጥ ገባ ብዬ ጨለማው ውስጥ አጠብሁት። ወደ ብርሃን ሳወጣው ነፍጡ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። እጆቹ ወጥተዋል፤ የካኪው ቍልፍ እንኳ ይቈጠራል። ከአንገቱ በላይ ግን ጢስ ነው። ዓይን የለውም፣ አፍ የለውም፤ አንድ ሰው በጨርቅ የጠረገው ይመስላል።

ክንዱ መስታወቱን ከእጄ ወስዶ አየውና ሳቀ። «እናቴ አሁን የምታየኝ እንዲህ ሳይሆን ይቀራል?» አለ። ቀጥሎ ሌላ መስታወት አለህ አይደል፣ አለሁልህ፣ እንደገና አንሣኝ አለኝ። ተመልሶ ሄዶም እቦታው ተቀመጠ።

እምቢ አልሁት። የመጨረሻዋን መስታወት በነዚህ እግሮች ላይ አላባክንም አልሁት። በእርግጥ መሐል ላይ ትንሽ ነፋስ ሽው ብሎ ነበር፤ እርስዎም ቀርከሃን ነፋስ ያጫውተዋል ብለውኛል። የወይራውን እግር አሠርቼ በሁለት ሰው አሸክሜ እመለሳለሁ አልሁት። ከተቀመጠበት ተነሥቶ «እሺ፣ እንግዲያስ እጠብቅሃለሁ» አለኝ። ቀርከሃውን ሰብሬ እሳታቸው ውስጥ ጣልሁት። አብረን ሞቅነው።

አድማሴ ወይራውን ጠርቦ ለማድረቅ እስከ የካቲት አጋማሽ ስጠኝ ብሎኛል። እሜቴ አልጣሽን መስታወቱ ገና አልደረቀም ብዬ ዋሽቻቸዋለሁ። እባክዎ እርስዎም እንዳይነግሯቸው።

ያፈረብዎ ተስፋው


ደምበጫ፣ ጥር 28 ቀን 1931 ዓ.ም.

ተስፋው።

ሰላምታ ይቆየኝ። ባዬ ዛሬውኑ እንዲመለስ ስለለመንሁት ደጅ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።

አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ከክንዱ ጀርባ ያለው አለት እንዴት ሆኖ ወጥቷል? ስንጥቁና የድንጋይ ሽበቱ ይታያል ወይስ እሱም ጢስ ነው? መስታወቱን ወደ ፀሐይ ይዘህ ደኅና አድርገህ ተመልከተው።

መልሱን እስክትጽፍ ግን አትቀመጥ። ወይራውን አትጠብቅ። ሣጥኑን በድንጋይ ካብ ላይም ቢሆን አስቀምጠህ አንሣው። አድማሴ አናጢ ነው፤ እንጨት እንዲደርቅ ቢጠብቅ ሥራው ነው። የእህቴ ዓይን ግን አይጠብቅም፤ የክንዱም ኑሮ የሚያስጠብቅ ኑሮ አይደለም። ሂድ። ስትመጣ በምን እንደምትቈጥር አሳይሃለሁ... ይልቅ በመጀመሪያ የአለቱን ነገር ጻፍልኝ። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፤ ተሳስቼ ብገኝ ደስ ይለኛል።

ሃይለ ሚካኤል


ቡሬ፣ የካቲት 30 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለተከበሩ፣ ለምወድዎ፣ ለአያ ሃይለ ሚካኤል።

እንደምን ሰነበቱ? እግዚአብሔር ያጽናዎ። ጤናዎን፣ ቤትዎን፣ ጎረቤቶችዎን ሁሉ እጠይቃለሁ። እኔ በሕይወት አለሁ።

ይህን ደብዳቤ ባዬ ብቻውን አያመጣውም። ከማንኩሳ ሁለት ሽማግሎች አብረውት ይመጣሉ። ማታ ደርሰው ከባዬ ዘመዶች ዘንድ ያድራሉ፤ ሲነጋ እርስዎ ዘንድ ይገባሉ። ባዬን ወረቀቱን ከእነሱ በፊት እንዳይሰጥዎ አስምዬዋለሁ። መርዶ በወረቀት አይነገርም፤ እኔም እዚህ ላይ አልጽፈውም። ቀድሞ ደርሶዎት ከሆነ እባክዎ ወረቀቱን አጥፈው ያስቀምጡና ሰዎቹን ይጠብቋቸው።

ደብዳቤዎን ያነበብሁት ሲያስለኝ ከርሜ ከአልጋ በተነሣሁ ማግሥት ነው። ሄድሁ፣ በእውነት ሄድሁ። ወይራው በቀጠሮው ደርሶልኝ ስለነበር ጥዬው መሄድ አልሆነልኝም፤ ሁለት ሰዎች ተሸከሙልኝ። ሁለተኛው ወንዝ ላይ ስንደርስ ከላይ የሚወርዱ ሰዎች አገኙን። የት ትሄዳላችሁ አሉን። ነገርናቸው። ተመለሱ አሉን። ወይራው እዚያው ወንዙ ዳር ቀርቷል፤ የሚያነሣው ሰው አልተገኘም።

ለጠየቁኝ እነሆ። አለቱ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። ስንጥቁም፣ በስንጥቁ ውስጥ የበቀለችው ሣር እንኳ ትታያለች። ጢስ የሆነው ፊቱ ብቻ ነው። ለምን እንደጠየቁኝ አልገባኝም፤ አሁን ማወቁም ምን እንደሚጠቅም አላውቅም። የቀርከሃውን እግር የመረጥሁበትን ቀን እረግማለሁ።

ተስፋው


ደምበጫ፣ ኅዳር 9 ቀን 1932 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለተስፋው።

ስምንት ወር ዝም አልሁህ። አራት ደብዳቤ ጽፈህልኛል፤ አራቱም ትራሴ ሥር አሉ። አራቱንም የሞላኸው ስለ ቀርከሃ ነው። ከባድ እግር ብመርጥ ኖሮ ትላለህ፣ ነፋሱ ባይመጣ ኖሮ ትላለህ። እያነበብሁ ዝም አልሁ። እንዲህ ያለ ክፉ ሰው መሆኔን አላውቅም ነበር።

እግሩ ጥፋት የለበትም። ቀርከሃው እንደ ወይራ ጸንቶ ነበር። እግር ቢወዛወዝ አለቱም፣ ነፍጡም፣ ቍልፉም አብረው ጢስ ይሆናሉ፤ እግር ፊት ለይቶ አያጠፋም። ይህን ማንኛውም የፎቶግራፍ ቤት ተላላኪ ያውቀዋል። የተነቃነቀው ክንዱ ነው።

ለምን እንደተነቃነቀም ዐውቃለሁ። ድምፄን አሰምቼ እንደ ቤተ መቅደስ ደገምሁ ብለህ ስትጽፍልኝ ያን ጊዜ ጠረጠርሁ። የእመቤታችን ስም ሲጠራ አንገቱን የማይሰብር የጎጃም ልጅ የት አለ? አንተ ጠራህ፣ እሱ ሰገደ። አንተም አብረህ ሰግደሃል፤ ለዚህ ነው ያላየኸው። ጓደኞቹም ሰግደዋል። በዚያ ዋሻ ቀና ብሎ የቀረ ቢኖር ሣጥኑ ብቻ ነው።

እኔ አርመኑ ቤት የምደግመው በሆዴ ነበር። አንድ ቃል ነው፤ «በሆድህ»። እሱን መጻፍ ረሳሁ። ስለ ስልቻ ጻፍሁ፣ ስለ ዋንጫ ጻፍሁ፣ ስለ ድንጋይ ጻፍሁ፣ ያችን ቃል ረሳሁ። በጥር ደብዳቤዬም ልጽፋት ጀምሬ፣ ጥፋቴን ማመን ፈርቼ ተውኋት። ብጽፍልህ ኖሮ የመጀመሪያዋ መስታወት ትበቃ ነበር። ባትበቃ እንኳ ክንዱ ተመልሶ ተቀምጦልህ ነበር፤ አፍህን ዘግተህ ክዳኑን ብታነሣ ፊቱን ይዘህ ትወርድ ነበር። በአለቱ ነገር የጠየቅሁህ እርግጠኛ ለመሆን ነው። መልስህ ከሽማግሎቹ ጋር ገባ። ክንዱ በየካቲት ሃያ አንድ መገደሉን ነግረውኝ ሲያበቁ ወረቀትህን ከፈትሁ፤ ሣሯ እንኳ ትታያለች ይላል።

ለምን ዝም እንዳልሁህ አትጠይቀኝም፤ እኔው ልንገርህ። በቀርከሃው ስታማርር ጥፋቱ ከእኔ ይርቅልኝ ነበር። አንተ ስታለቅስ እኔ ትንሽ እተነፍስ ነበር። አሁን ግን አልቻልሁም። አልጣሽ በቀደም ሰው ላከችብኝ። ሁለቱም ዓይኗ የጠፋው ከሰኔ ወዲህ መሆኑን ታውቃለህ። ለቅሶው ላይ ካባውንና ባርኔጣውን አውጥተው አልቅሰውለታል፤ ሬሳውን ማንም አላመጣላትም። ባንዳ እንዳይሰማ ድምፅዋን አፍና ነው ያለቀሰችው። የላከችው ቃል ይህ ነው፦ «መስታወቱ ላይ የወጣው ምንድን ነው? ማየት ባልችል ንገሩኝ እንጂ።»

እኔ ማንኩሳ ድረስ የሚወስደኝ እግር የለኝም። ሂድልኝ። መስታወቱን ይዘህላት ሂድና ያለውን ሁሉ ንገራት። ቃሉን የረሳው ወንድምሽ ነው በላት። በእኔ ብታዝን ይገባኛል። አንተን ግን ይቅርታ የምጠይቅበት አፍ የለኝም፤ ልጄ፣ እንዲያው በጨለማ እንደተቀመጠ ሰው ቁጠረኝ።

ሃይለ ሚካኤል


ማንኩሳ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1932 ዓ.ም.

ለአያ ሃይለ ሚካኤል፤ ደምበጫ።

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ይህን የምጽፈው እዚሁ ማንኩሳ፣ እሜቴ አልጣሽ ቤት አጠገብ፣ ከአንድ ጎረቤት ደጃፍ ተቀምጬ ነው። ቡሬ ከገባሁ የሰማሁትን በትክክል እንዳልጽፍ ፈርቼ ነው።

በመጀመሪያ የራሴን ልናገር። ደብዳቤዎን አንብቤ ተናደድሁብዎ። ሦስት ቀን ከባለቤቴ ጋር እንኳ አልተነጋገርሁም። ስምንት ወር ሙሉ በሦስት ዘንግ ምክንያት እንቅልፍ አጥቼ ነበርና። ከዚያ ግን ያን ቀን በልቤ መለስሁት፤ እውነትዎን ነው፣ አጎንብሼ ነበር። ሲዘጋጅልኝ ወራት የፈጀውን ሥራ፣ ክንዱን ማየት ሲገባኝ፣ አጎንብሼ አሳለፍሁት። ቢነግሩኝም ባይነግሩኝም አሁን በማን እፈርዳለሁ? ሁለታችንም አንድ ነን፤ አይጨነቁብኝ።

እሜቴ አልጣሽ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከስተዋል፤ ነጠላቸውን ግን አስተካክለው ለብሰዋል። መስታወቱን ይዤ እንደመጣሁ ስነግራቸው እጃቸውን ታጠቡ፤ በነጠላቸውም አደረቁት። ከዚያ ንገረኝ አሉ።

ከታች ጀመርሁ። ባዶ እግሩን ነግሬአቸው እሾህ ወግቶት እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አይታይም አልሁ። ጉልበቶቹን፣ ነፍጡን ነገርሁ። እጆቹ ወፍረዋል ወይ አሉኝ። ሥራ የበዛባቸው እጆች ናቸው አልሁ። ቍልፎቹን ቈጠርሁላቸው፤ አንዱ መጥፋቱን ስነግራቸው ማን ይስፋለት አሉ። አለቱንና ሣሯን ሳይቀር ነገርኋቸው። ሁሉንም እያንዳንዱን ጠይቀውኝ ሲያበቁ ፊቱስ አሉ።

ነገርኋቸው። በጸሎት እንደቈጠርሁ፣ ድምፄን እንዳሰማሁ፣ እሱ እንደሰገደ፣ እኔም ሰግጄ እንዳላየሁ ነገርሁ። እርስዎ በሆድህ የሚለውን ቃል ረስተው እንደነበር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ማለትዎንም ነገርሁ። አንድም አልደበቅሁ።

እሳቱ ውስጥ እንጨት እየገፉ ቆዩ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«ልጅ ሳለ አንገተ ደረቅ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ይዤው ስሄድ ስሟ ይጠራል፤ ሰዉ ሁሉ ሲሰግድ እሱ ቀና ብሎ ሥዕሉን ያያል። እኔ በዚህ እጄ ማጅራቱን ይዤ ዝቅ አደርገው ነበር። አንድ ቀን አይደለም፤ እስኪለምድ ድረስ፣ ዓመት ሙሉ።»

ቀኝ እጃቸውን ከፍተው ወደ እኔ ዘረጉት።

«ወንድሜ አይደለም፤ አንተም አይደለህም። ይቺ ናት» አሉ።

እሜቴ፣ እንዲህ አይበሉ አልኋቸው፤ አልሰሙኝም። መስታወቱን ከእጄ ተቀበሉና ጭናቸው ላይ አጋደሙት። አንገቱ የት ጋ ነው አሉኝ። ጣታቸውን ይዤ አስነካኋቸው። ከሱ በላይ ነው አይደል አሉ። አዎን፣ ከሱ በላይ ነው አልሁ። መዳፋቸውን እዚያ ጢሱ ላይ አድርገው እንደማይጫኑ፣ እንደማያነሡም ሆነው ቆዩ። ከንፈራቸው ይነቃነቅ ነበር፤ ለእኔ የሚናገሩ መስሎኝ ጠጋ አልሁ። ለእኔ አልነበረም።

«በቃ ልጄ» ይሉት ነበር። «በቃ፣ አሁን ቀና በል።»

ደጋግመው ይህንኑ አሉት። እኔ ወጥቼ ይኸው ደጅ ተቀምጫለሁ። መስታወቱ እሳቸው ዘንድ ቀርቷል፤ አልጠየቅኋቸውም።

ተስፋው